የባሻ ሕዝቅያስ መልክ

የአክስቴን የሶስናን ሠርግ ያፈረሰው ከሞተ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያ ቀን ደግሞ በቤታችን ከዋሉት ቀኖች ሁሉ ደስ የሚለው መስሎኝ ብቻዬን እልል ብያለሁ። እልልታዬን የሰሙ ሰዎች ዛሬም ልቅሶ ቤት ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ማዘናቸው መሆኑ ነው። ሐዘናቸው ያናድደኛል፤ በሰዓቱ ቢያዝኑ ኖሮ ጥሩ ነበር።

የምንኖረው አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነበር፤ አያቴ አቶ ብርሃነመስቀል፣ እናቴ፣ አክስቴ ሶስናና እኔ። አባቴ ትራክ ስለሚነዳ ለቤቱ እንግዳ ነው። አያቴን አባባ እለዋለሁ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የእናቱ የወይዘሮ ውብነሽ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የአባቱ ግን የለም። አንድ ቀን ለምን እንደሌለ ጠየቅሁት።

«እሱ በሞተ ጊዜ እኛ አገር ማን ፎቶ አንሺ ነበረና» አለኝ።

«መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

ካልሲውን እያደረገ ነበር፤ ግማሽ ላይ ተወው። «እጁን አስታውሳለሁ። መልኩ ግን ጠፋብኝ።»

የአባት መልክ ይጠፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ አባቴ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን አፈጥበት ጀመር። «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ይላል እናቴን። እናቴም «ናፍቃህ ነው» ትለዋለች። እኔ ግን እያጠናሁት ነበር።

ሶስና ሳንዲ ስፕሪንግስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ ደም ትቀዳለች። እጮኛዋ ኤርሚያስ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ለእኔ ጭምር ማስቲካ ይዞ የሚመጣ ልጅ ነው። ሁሉም ሰው ይወደዋል። አባቱ አቶ ኃይለመስቀል ደግሞ ስቶን ማውንቴን የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ በየዓመቱ የአርበኞች ቀን ሲከበር የአባታቸውን ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ደርድረው ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ሆነው ሶስናን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት የአባታቸውን ታሪክ ነገሩን። አባታቸው ዋሻ ውስጥ ተሸሽገው ሳለ አንድ ጎረቤታቸው ጣሊያንን እየመራ አምጥቶ አስያዛቸው፤ ገበያ መሐል ተሰቀሉ። አቶ ኃይለመስቀል ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

አባባ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። «የእኔም አባት ሁለቱንም የዓለም ጦርነት ያየ ሰው ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አባባ ጉራ አያውቅም፤ በዕድሜው የተናገራት ጉራ ይቺው ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

«ሁለቱንም?» አሉ አቶ ኃይለመስቀል።

«ሁለቱንም። ባሻ ሕዝቅያስ ይባላል።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ ይደበቃል፣ አቶ ብርሃነመስቀል?»

«ይተዉት፣ አሮጌ ነገር ነው።»

አባባ ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል ያፈረ መሰለኝ፤ እኔም ክፍል ውስጥ ቆመሽ ተናገሪ ስባል እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ዕድሜውን ሙሉ ያላነሳውን ነገር ግማሹን ያነሳው ልጁ እዚያ ቤት አንገቷን ደፍታ እንዳትገባ ብሎ ነው። ግማሹን ብቻ።

ኤርሚያስ ግን ወሬውን ከአፉ ቀለበው። በመጣ ቁጥር አባባ አጠገብ ይቀመጥና ይጠይቃል፤ «ጋሼ፣ የአባትዎ አገር ወገራ ነው ያሉኝ? የአያትዎስ ስም?» አባባ ባጭሩ ይመልሳል። «ምን ሊያደርግልህ ነው?» ሲለው ኤርሚያስ ይስቃል፤ «ሰርፕራይዝ ነው ጋሼ!»

አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ለሶስና ሲነግራት ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሰማሁ። «ሮም ላለ የጥንት መዝገብ ቤት፣ አርካይቭ፣ ኢሜይል አድርጌላቸው ነበር። ፋይል አለው አሉኝ! ስካን አድርገው ላኩልኝ!»

«ምን ይላል?»

«የጣሊያንኛ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ማን ያነበዋል? ግን ፎቶ አለው ሶሲ! ፎቶ! ፕሪዝነር አድርገው ይዘውት መሆን አለበት እንጂ ጣሊያኖች በምን ምክንያት ፋይል ይከፍቱለታል? የፊተኛውን ገጽ ፍሬም አስደርጌ ለጥሎሽ አመጣለታለሁ።»

ሶስና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከሞላው አትላንታ ጣሊያንኛ የሚያነብ አንድ ሰው መፈለግ አቅቶት አይደለም። አንድ የሐበሻ ስም ጣሊያን መዝገብ ውስጥ በእስረኝነት ካልሆነ በሌላ መንገድ ሊገባ ይችላል የሚል ሐሳብ ባደገበት ቤት ስላልነበረ ነው።

የጥሎሹ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሶፋውን በረንዳ ላይ አውጥተን የእድር ወንበር ደረደርን። የእኔ ቀሚስ ዳንቴል አንገቴን ይበላኛል፤ ቤቱ በሽቶና በሰው ላብ ታፍኗል። የሙሽራው ወገኖች ከፓርኪንጉ ጀምረው እየጨፈሩ ገቡ። ሽማግሌው ሻንጣውን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሱ ያሳያሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ የእኛ ወገን ደግሞ ወጉ ነውና «ይኼ ብቻ ነው እንዴ? ሌላ ሻንጣ የላችሁም?» እያለ ይተርባል። እናቴ ቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ጥሎሽ ላይ የቀረበ ነገር አይመለስም፣ ዕቃውን መለሱ ማለት ሙሽራውን መለሱ ማለት ነው፣ ስለዚህ ምንም ነገር ቢሰጡሽ «አልፈልግም» እንዳትዪ።

የሶስና ወርቅና ቀሚስ ካለቀ በኋላ አባባ ተነሥቶ ካባ ደረቡለት። ከዚያ ኤርሚያስ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ነገር ታቅፎ መሐል ቤት ቆመ። ፊቱ በላብ ወዝቶ ያበራል።

«ጋሼ፣ አባትዎን ነው ያመጣሁልዎት» አለና ጨርቁን ገለጠው።

መስታወት ያለው ፍሬም ነው። ግራ በኩል ረጅም ቆብ ያደረገ፣ ጢም ገና ያላበቀለ ወጣት፤ ቀኝ በኩል ማኅተምና የተጠላለፈ ጽሑፍ። አባባ አልተንቀሳቀሰም። እልልታው ግን ቀለጠ።

«ይነበብ!» አለ አንዱ።

ወይዘሮ ብዙነሽ የኤርሚያስ አክስት ናቸው። አስመራ ስላደጉ ጣሊያንኛ እንደ ውኃ ይጠጣሉ ይባልላቸው ነበር። ክብሩ ለእሳቸው ተሰጠ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ጀመሩ። «ሕዝቅያስ… የትውልድ አገር ወገራ።» እልል! «ትሪፖሊ ዘምቷል።» እልል! «ያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው» አለ ኤርሚያስ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ቆስሏል። ሜዳሊያ ተሸልሟል።» በዚህ ጊዜ እልልታው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ከላይ ያለው ጎረቤታችን ወለሉን ደበደበብን።

አቶ ኃይለመስቀል ፈገግ ብለው ወደፊት ጠጋ አሉ። «ሜዳሊያውን የሸለመው ማነው?»

ወይዘሮ ብዙነሽ መልሰው ወደ ጽሑፉ ጎነበሱ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት። መነጽሩ የተበላሸባቸው መሰለኝና የአባባን ላቀብላቸው ተነሣሁ።

«ምነው ብዙነሽ? ማነው ይላል?»

«ንጉሡ ነው።»

«የየት አገር ንጉሥ?»

«የጣሊያን» አሉ ቀስ ብለው። «የጣሊያን ወታደር ነው፤ አስካሪ ነው። ለባንዲራቸው ምሎ የገባ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ባንዳ!» ሲል ሰማሁ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። የማውቀው እልልታው መቆሙንና የሁሉም ዓይን አባባ ላይ ማረፉን ነው። አባባ ፍሬሙን ከኤርሚያስ እጅ ተቀብሎ ወደ ፊቱ አስጠጋ። ጽሑፉን አላየውም። የሚያየው ያንን ወጣት ነበር።

ከዚያ ትልልቆቹ ሰዎች አባባን ይዘውት መኝታ ቤት ገቡ። እኔ ቀድሜ እዚያ ነበርኩ፤ መነጽሩን ፍለጋ ገብቼ አልጋው ላይ በተከመረው የእንግዶች ኮት ውስጥ ሰጥሜያለሁ። ማንም አላስወጣኝም። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፍሬሙ ጉልበቱ ላይ ነው። አቶ ኃይለመስቀል ቆመዋል።

«አቶ ብርሃነመስቀል፣ ሶስናን እንደ ልጄ ነው የማያት፤ እግዜር ያውቃል» አሉ። «ግን የአባቴን ነገር ነግሬዎታለሁ። ነገ ልጅ ወልደው አያቶቻችን እነማን ናቸው ሲሉኝ ምን እላለሁ? አንደኛው የተሰቀለ፣ አንደኛው የሰቃይ ሎሌ ነው ልበል?»

«ኋላ ከድቷቸዋል» አለ አባባ። «ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከነጠመንጃው ጠፍቶ መጣ። እስኪሞት ድረስ ዱር ነበር።»

«ማን አየ?»

«እኔ።»

«የስንት ዓመት ልጅ ነበሩ?»

«የስድስት።»

አቶ ኃይለመስቀል በረጅሙ ተነፈሱ። የተናደዱ አይመስሉም ነበር፤ የደከማቸው ይመስላሉ። «ይህንንማ የማይል የባንዳ ልጅ የት ይገኛል?» አሉ። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ይስሙኝ። ስም ከስም ይገጥማል። ወገራ ውስጥ ሕዝቅያስ አንድ ብቻ አይደለም። ልጁ ተሳስቶ የሌላ ሰው ወረቀት አምጥቷል። ‹ይህ ሰው አባቴ አይደለም› ይበሉኝ፤ አንድ ቃል። ወጥቼ እኔው ራሴ እልል አስብላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በሙሉ «ይበሉ እንጂ፣ ይበሉ እንጂ» ይሉት ጀመር። እኔ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። አባባ የአባቱን መልክ ረስቶታል፤ ኤርሚያስ ፎቶ አመጣለት፤ አሁን ደግሞ እሱ ይሁን አይሁን ለይ ብለው እየጠየቁት ነው። ቢሳሳትስ? ልጅ ሆኖ ነው ያየው። እኔ የአባቴን ፊት ያን ያህል አጥንቼ እንኳ ጆሮው ምን እንደሚመስል ዓይኔን ስጨፍን አይመጣልኝም።

በሩ ተከፈተና ሶስና ገባች። ቀሚሷን እንደያዘች አባባ እግር ሥር ተንበረከከች። ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«አባባ፣ አንድ ቃል ነው። እሱ ሞቷል፤ ምንም አይሆንም። እኔ ነኝ ያለሁት።»

አባባ ጭንቅላቷ ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ፣ የወጣቱ ቅንድብ ላይ አኖረው።

«እሱ ነው፣ ልጄ» አለ። «እሱ ነው።»

ከኮቱ ክምር ውስጥ ዘልዬ ወጣሁና እልል አልኩ። እንዳስተማሩኝ ምላሴን እያርገበገብኩ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ። «አባባ አወቀው! አባቱን አወቀው!» አባባ በአንድ እጁ ሳበኝና ደረቱ ላይ ለጠፈኝ፤ ካባው አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ማንም አልተቆጣኝም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ለሌሎቹ ሊያበሥሩ የሄዱ መሰለኝ። ሶስና መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ለቃ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የደስታ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ሠርግ ላይ ትልልቅ ሰው እንደሚያለቅስ አውቃለሁና።

ግማሹን ተሳስቻለሁ፤ ግማሹን ግን ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ በተሻለ ገብቶኛል። አባባ በእርግጥም የአባቱን ፊት ያገኘው ያን ዕለት ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የፈለገውን ፊት ጉልበቱ ላይ አስቀምጠውለት፣ በዚያችው ደቂቃ ካደው አሉት። እንዴት ይካደው? ለሶስና ደግሞ ከእሱ በቀር ማን ነበራት? ማናቸው ላይ እንደምፈርድ እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው ቢኖር በማግሥቱ ሶስና ቀሚሶቹን እንደነበሩ አጣጥፋ፣ ወርቁን በሣጥኑ አድርጋ፣ ሻንጣውን ራሷ ስቶን ማውንቴን ወስዳ በር ላይ አስቀምጣ መመለሷን ነው። እናቴ መኪና ውስጥ ሆና አይታታለች። ኤርሚያስ ለጥቂት ሳምንት ይደውል ነበር፤ «ፕሪዝነር መስሎኝ ነው ሶሲ፣ ምዬ እነግርሻለሁ» ይላል። «አባቴን ትቼ ልምጣ» ግን አላለም። በኋላ ተወ።

እኔ ሠርጉን እየጠበቅሁ ነበር። የሚዜ ቀሚሴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ እያለ ቁመቴ አለፈው። «መቼ ነው?» ስል እናቴ «የሶስና ሺፍት አልተስተካከለም» ትለኛለች። አባባ ፍሬሙን ከእናቱ ፎቶ አጠገብ ሰቀለው፤ ሶስና በወሩ ሳንዲ ስፕሪንግስ ቤት ተከራይታ ወጣች። ለሥራዋ እንዲቀርባት መሰለኝ። እሷ ግን ለእናቴ «ያ ፎቶ ባለበት ቤት እህል አልቀምስም» ብላት ነው የወጣችው፤ ቃሏን ጠበቀች። ሌላ ሰው ሳታገባ አርባዎቹን ጨረሰች። ለአባባ መድኃኒት ታመጣለች፣ ደም ግፊቱን በር ላይ ትለካለች፣ ወደ ውስጥ አትገባም።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ነገሩ ከገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወደዚያው አርካይቭ እኔው ጻፍኩ። ኤርሚያስ ፍሬም ያስደረገው የፊተኛውን ገጽ ብቻ ነበር፤ ማኅተምና ፎቶ ያለው እሱ ላይ ነዋ። ሁለተኛ ገጽም ነበረው። ጣሊያንኛ ለሚያስተምር ሰው አስነበብኩት። በአምስቱ ዓመት ጦርነት መጀመሪያ ወታደሩ ሕዝቅያስ ከነጠመንጃውና ከነጥይቱ ከድቶ እንደጠፋ፣ በሌለበት ሞት እንደተፈረደበት፣ ከአራት ዓመት በኋላ ከሽፍቶች ጋር ተይዞ እንደተገደለ ይናገራል። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው። ባሻ ሕዝቅያስ የሞተው እንደ አቶ ኃይለመስቀል አባት ነው፤ የመሰከረለት ግን የገደለው መንግሥት ብቻ ነው።

አባባ ያኔ ዘጠና አምስት ዓመቱ ነው፣ ከአልጋ አይነሣም። ጆሮው ሥር ሆኜ አነበብኩለት። ይደነግጣል፣ ያለቅሳል ብዬ ነበር።

«ነግሬያቸው ነበር እኮ» አለ።

ቆይቶ ደግሞ «ለሶስና እንዳትነግሪያት» አለኝ።

«ለምን አባባ? ለእሷ ብዬ እኮ ነው የፈለግኩት!»

«ባንዳ ነበር ብላ ብትኖር ይሻላታል። ይህን ካወቀች በከንቱ ነው ሳታገባ የቀረችው።»

አልነገርኳትም፤ እሱ እስኪሞት። ልቅሶው ቤት በረንዳ ላይ፣ ለቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስልኳ ላይ ስትጽፍ አገኘኋትና የሁለተኛውን ገጽ ትርጉም ሰጠኋት። በወጉ የሟች ታሪክ የሚጀምረው ከአባቱ ስም ነው፤ ቢያንስ በቀብሩ ቀን አቶ ኃይለመስቀል ይስሙት ብዬ። እሳቸውም አርጅተው፣ በከዘራ እየተመሩ መጥተው ነበር። ሶስና ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችና አጥፋ መለሰችልኝ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ማይኩን ይዛ አነበበች። ድምጿ አልተሰበረም። «አቶ ብርሃነመስቀል ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብነሽ፣ ወገራ ውስጥ ተወለዱ…» ሕዝቡ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ አንዱ አንዱን አየ። እሷ ወደ ትምህርታቸው፣ ወደ ሥራቸው፣ አሜሪካ ወደ መምጣታቸው አለፈች። አቶ ኃይለመስቀል ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ከዘራቸውን ያዩ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ በእሷ መኪና ሄድኩ። ቀበቶዬን እያሰርኩ መቆየት አቃተኝ። «ሶሲ፣ የአባቱን ስም ለምን ተውሽው? ንጹሕ መሆኑን አነበብሽ አይደል?»

ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ኋላ ወንበር ላይ ወረወረች።

«አነበብኩ» አለች። «እሱ አባቱን አልክድም ብሎ እኔን ከፈለበት። እኔ ደግሞ ካድኩለት። በቃ፣ ተካካስን።»

መኪናውን አስነሣች።